የአንባቢ እጅ በኅዳግ ላይ፦ የምዝገባ ሥራ ማስታወሻ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታው አራት ኪሎ ነው። ጠረጴዛው ላይ 9 የብራና መጻሕፍትና 31 የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት ተደርድረዋል። የሚመዘገበው ድርሰቱ አይደለም፤ እሱማ በየካታሎጉ አለ። የሚፈለገው አንባቢው ትቶት የሄደው ነው፦ በኅዳግ፣ ማለትም በገጹ ባዶ ጠርዝ፣ የተጫረ ቃል፣ የተሰመረ መስመር፣ የተሰፋ ክር፣ የጧፍ ጠብታ፣ የጣት እድፍ፣ በቅጠሎች መካከል የተረሳ ወረቀት። መጻሕፍቱ ከዚህ በኋላ ወደ ጥገና ይሄዳሉ። ጥገና ማለት ደግሞ መጀመሪያ ማጽዳት ነው። ብሩሽና ላጲስ ከምዝገባው ከቀደሙ ማስረጃው ከአቧራው ጋር ይጠረጋል።

ዝግጅቱ ቀኑን ሙሉ ፈጅቷል። መጽሐፉ የሚያርፍበት መደገፊያ ከሁለት ጠንካራ የስፖንጅ ሽብልቆች ተሠርቶ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኗል። የተከፈተው መጽሐፍ ከ110 ዲግሪ በላይ እንዳይዘረጋ ሽብልቆቹ በእንጨት ተይዘዋል። የእንጨት ገበታ ያለው ጥንታዊ ጥራዝ ራሱ እሺ ብሎ ይዘረጋል፤ የሚበጠሰው በገበታው ቀዳዳ የሚያልፈው የስፌት ክር ነው፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ።

ቅጠል ለመያዝ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ያስፈልጋል። በምስር ወይም በጤፍ መሙላት ይቀላል፣ ግን አይደረግም፦ እህል ነቀዝ ይጠራል፣ ነቀዝ ከመጣ ደግሞ ቆዳውንም ገበታውንም የሚበሉት ዘመዶቹ ይከተላሉ። ታጥቦ የደረቀ አሸዋ በድርብ ላስቲክ ታሽጎ፣ በላዩ አቡጀዲ ተሰፍቶበታል። እያንዳንዱ 180 ግራም ይመዝናል። 300 ግራም ተሞክሮ ብራናው ላይ ጉድጓድ ስለተወ ተቀንሷል።

ጓንት የለም። የጥጥ ጓንት የጣትን ስሜት ያደነዝዛል፣ የብራናን ጠርዝ ይጎትታል፣ የተሰፋ ክር ላይ ይጠመዳል። እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ ነው ያለበት። ጠረጴዛው አጠገብ እርሳስ እንጂ እስክርቢቶ አይገባም። የክፍሉ እርጥበት ጠዋት 48 በመቶ ነበር። 60 ካለፈ መጽሐፍ እንዳይከፈት ተወስኗል፤ ብራና እርጥበት ሲስብ ይንቀሳቀሳል፣ አልተኛም ይላል።

የካቲት 4

የመመዝገቢያው ቅጽ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። የመጀመሪያው የተቀዳው ከአውሮፓ ልማድ ነበር። እዚያ አንባቢ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚወደውን ቦታ በኅዳግ ላይ ጠቋሚ ጣት ያላት እጅ እየሣለ ያመለክታል፤ ከደራሲው ጋር በኅዳግ ይከራከራል፤ የወደደውን ጥቅስ በርዕስ በተከፋፈለ ደብተር ይገለብጣል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ለእንዲህ ያለው ደብተር የማውጫ አሠራር ነድፎ በ1686 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ፈረንሳዊው ፌርማም ማረጋገጫ አግኝቻለሁ፣ ኅዳጉ ግን አይበቃውም ብሎ በሒሳብ መጽሐፉ ጠርዝ የጻፈውን ልጁ በ1670 እ.ኤ.አ. አሳትሞለት፣ ዓለም ከ3 መቶ ዓመት በላይ ሲታገልበት ኖሯል።

ቅጹ በሦስት ብራናዎች ላይ ተሞከረ። «ጠቋሚ እጅ» የሚለው ሣጥን ባዶ ቀረ። «ክርክር» የሚለውም እንደዚያው። በአንጻሩ ክሩ፣ ሰሙና የጣቱ እድፍ የሚገቡበት ሣጥን አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አንባቢ ለመጽሐፉ መልስ የሚሰጠው በአፉ ነው። ትርጓሜው «አንድም» እየተባለ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ይሄዳል፤ ኅዳግ ላይ የሚቀረው የክርክሩ ሳይሆን የአገልግሎቱ አሻራ ነው። ሌላ ቦታ በተሰፋ ቅጽ ይህን መጻሕፍት መለካት በሰው ጫማ መሄድ ነው።

አዲሱ ቅጽ ስምንት መደብ አለው፦ ጽሑፍ፣ ምልክት፣ ክር፣ ሰም፣ እድፍ፣ ፍቀት፣ የብርዕ መሞከሪያ፣ ባዕድ ነገር። አድራሻው የመጽሐፍ ቁጥር፣ ቅጠል፣ ፊት ወይም ጀርባ፣ ከዚያ ሥፍራ ነው። ሥፍራ ሲባል የላይ ኅዳግ፣ የታች ኅዳግ፣ የውጭ ኅዳግ፣ የውስጥ ኅዳግ፣ በዓምዶች መካከል ወይም በመስመሮች መካከል ማለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ከቅጠሉ የላይ ጠርዝና ከውጭ ጠርዝ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይጻፋል። «ገጹ መጨረሻ አካባቢ» የሚል አድራሻ ተቀባይነት የለውም።

የካቲት 5

ብራና 2 ላይ ከዚህ በፊት በእርሳስ የተጻፈ የቅጠል ቁጥር አለ። ከ46 ወደ 48 ይዘላል፣ 71 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ተደምስሶ እንዲታረም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አይደመሰስም፤ እሱም የአንባቢ እጅ ነው፣ በዚያ ቁጥር የጠቀሰ ጽሑፍም ሊኖር ይችላል። አዲሱ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ብቻ ይኖራል፣ አሮጌው በጎን ዓምድ ይጻፋል።

የካቲት 6

ብራና 3፣ ድርሳነ ሚካኤል። ይህ መጽሐፍ በየወሩ በ12 የሚነበብ ስለሆነ ንባቡ በወር በወር የተከፋፈለ ነው። አንባቢው የወሩን መጀመሪያ ቶሎ ለማግኘት በቅጠሉ የውጭ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር ሰፍቶ ጫፉን ወደ ውጭ ይለቃል። 9 ክሮች ተገኝተዋል፦ 5 ቀይ፣ 3 ሰማያዊ፣ 1 አረንጓዴ።

ለእያንዳንዱ ክር አምስት ነገር ይመዘገባል፦ ከላይ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ የወጣው ጫፍ ርዝመት፣ የመርፌው ቀዳዳ ብዛት፣ ቋጠሮው ያለበት ገጽ፣ ቀለሙ። ቀለሙ በቃል ብቻ ከተጻፈ ዋጋ የለውም፤ አንዱ «ቀይ» ያለውን ሌላው «ቡናማ» ይለዋል። ከቀለም መለኪያ ካርድ ጋር አብሮ ይነሳል። ክር አይጎተትም፣ አይቃናም። ከቅጠሉ የወጣው ጫፍ ደብዝዞ ከቋጠሮው ሥር ያለው ደምቆ ከተገኘ ቀለሙ የሚጻፈው ከቋጠሮው ነው።

ወሩ 12 ሆኖ ክሩ 9 ከሆነ ሦስቱ የት ሄዱ? ብርሃኑ በ10 ዲግሪ ከጎን ሲለቀቅ ሦስቱም ታዩ፦ ክር የሌላቸው፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑ የመርፌ ቀዳዳዎች፣ ልክ በወር መጀመሪያ ቅጠሎች ላይ። ባዶ ቀዳዳም በ«ክር» መደብ ይገባል፣ «የወደቀ» ተብሎ። ከትል ቀዳዳ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። መርፌ ብራናውን ገፍቶ ስለሚያልፍ በአንድ ወገን ትንሽ ከንፈር ይተዋል፤ ትል ግን በልቶ ስለሚያልፍ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወደሚቀጥለው ቅጠል ይሻገራል።

እዚህ ላይ የቆየ ጉዳይ ማንሳት ያስፈልጋል። በ1973 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ተነሥተዋል፤ ለዛሬ ምርምር መሠረቱ እሱ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይ ክርና የቅጠል ጥላ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፣ ኋላ የተጨመረ ወይን ጠጅ ቀለም ከጸሐፊው ጥቁር አይለይም። ከፊልም ብቻ የአንባቢን ምልክት መመዝገብ አይቻልም፤ ኦሪጅናሉን መክፈት ግድ ነው።

የካቲት 7

የእድፍ መለኪያ። ካትሪን ሩዲ የተባለች የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት የአውሮፓ የጸሎት መጻሕፍት የገጽ እድፍ በመሣሪያ እየተለካ የትኛው ጸሎት አብዝቶ እንደተደገመ ማወቅ እንደሚቻል አሳይታለች። መሣሪያው እዚህ የለም። በካሜራ ግን መንገድ አለው።

ካሜራው 6000 በ4000 ነጥብ ያነሳል፤ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁመት ሲሞላ በኢንች 500 ነጥብ ገደማ ይደርሳል፣ ለቀጭን እርሳስም ይበቃል። ሌንሱ 60 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 8፣ አይሶ 100፣ ሁለት የኤልኢዲ መብራት በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ። አሮጌው ሃሎጅን አምፖል ወጥቷል፣ ሙቀቱ ብራናን ያጨማትራል። ግራጫ ካርድ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይገባል፣ መጋለጫውም አውቶማቲክ አይሆንም። ካሜራው ራሱ እንዲወስን ከተተወ ያደፈውን ገጽ እያበራ ልዩነቱን ይበላዋል።

አንባቢ ቅጠል የሚገልጠው ከታች ከውጭ ጥግ ስለሆነ እዚያ 2 በ2 ሴንቲሜትር ተመርጦ አማካይ ብሩህነቱ ከ0 እስከ 255 ባለው ሚዛን ይወሰዳል። በመጀመሪያው ሙከራ ውጤቱ ትርጉም አጣ፦ አንድ ቅጠል የጠቆረ፣ ቀጣዩ የነጣ፣ ተራ በተራ። አንባቢው አንድ ገጽ እየዘለለ ያነበበ ይመስል ነበር። ጥፋቱ የአለካኩ ነው። የብራና የጠጉር ወገን ከሥጋ ወገን ይጠቁራል፤ የተለካው እድፍ ሳይሆን ቆዳው ነበር። ስለዚህ በዚያው ገጽ ላይ ጣት የማይደርስበት የላይኛው የውስጥ ኅዳግ አብሮ ይለካና ይቀነሳል። ለምሳሌ ቅጠል 22 ፊት 198 ሲቀነስ 141፣ ልዩነቱ 57፤ ጀርባው 176 ሲቀነስ 128፣ ልዩነቱ 48። አሁን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

በዚህ አካሄድ የድርሳነ ሚካኤሉ ሁለት ክፍሎች ከሁሉም ገዝፈው ወጡ፦ የኅዳርና የሰኔ። ሁለቱ የመልአኩ ዓመታዊ በዓላት መሆናቸውን ለሚያውቅ አያስገርምም። ሚዛኑ እንደሚሠራ ግን አረጋገጠ፤ የታወቀውን ካልነገረን ያልታወቀውን ልናምነው አንችልም ነበር። የሰሙም ጠብታ በእነዚሁ ክፍሎች በዝቷል። ሰም አይፋቅም። ጠብታው ክብ ከሆነ ጧፉ ከላይ ተይዞ የወደቀ ነው፤ ጅራት ካለው መጽሐፉ ዘንበል ብሎ ተይዞ ነበር ማለት ነው። የጅራቱ አቅጣጫ ይመዘገባል።

የካቲት 10

ብራና 5፣ ዳዊት። 150ው መዝሙር፣ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን እንደተለመደው ተሟልተዋል። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ባለቤቱ መጽሐፉን የገዛበትን ጽፏል። ዓመተ ምሕረቱን አልጻፈም። የጻፈው፦ ጥቅምት 5 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ መንግሥት። ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የዘመን ስሌት ላይ ብቻ መቀመጥ ይጠይቃል።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና በ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ሲያልቅ ዮሐንስ። (5500 ራሱ በ4 ስለሚካፈል ለወንጌላዊው ብቻ ከሆነ መደመሩን መዝለል ይቻላል።) በምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነት፣ ማለትም ከ1882 እስከ 1906፣ ዘመነ ሉቃስ የሚውለው በ1883፣ 1887፣ 1891፣ 1895፣ 1899 እና 1903 ነው። ስድስት ዕጩ።

አሁን ዕለቱ። ዓመተ ዓለሙ (5500 የተደመረበት ዓመት) ከመጠነ ራብዒቱ (በ4 ሲካፈል ከሚገኘው ሙሉ ድርሻ) ጋር ተደምሮ በ7 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ሲያልቅ ሰኞ። ለ1887፦ 5500 ሲደመር 7387፤ በ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1846፤ ድምሩ 9233፤ በ7 ያለ ቀሪ ያልቃል። መስከረም 1 ሰኞ ዋለ። ጥቅምት 5 ከዚያ 34 ቀን በኋላ ነው፣ 34 ደግሞ 4 ሳምንት ከ6 ቀን፤ ስለዚህ እሑድ። የሌሎቹ አምስት ዓመታት ጥቅምት 5 በተራቸው ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ሰኞና ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። 1887 ብቻውን ቀረ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መዝጋት አደጋ አለው። የዕለትና የወንጌላዊ ጥምረት በ28 ዓመት ራሱን ይደግማል። ከ1887 ላይ 28 ሲቀነስ 1859 ነው፤ ያን ጊዜ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይገዙ ነበር። «ንጉሥ ምኒልክ» የሚል ማስታወሻ ለሁለቱም ዓመታት ይሆናል። የረዳው ማዕረጉ ነው፦ ጸሐፊው «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ብሏል፣ ይህም ይበልጥ የሚስማማው ከ1882 በኋላ ላለው ዘመን ነው። ሌላው ጥንቃቄ ዕለቱን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ነው። የአንድ ቀን ዝንፈት ከተፈቀደ ሰኞና ቅዳሜ ይመለሳሉ፣ 1899 እና 1903ም አብረው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የገባው «1887፣ የዕለቱ ስም በቀን ከተቆጠረ» ተብሎ ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር በተጻፈባቸው ሌሎች ማስታወሻዎች ደግሞ ፮፣ ፯ እና ፷ በፈጣን እጅ ሲጻፉ ስለሚምታቱ ይኸው ስሌት ማረጋገጫ ይሆናል።

የካቲት 11

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም። በመስኮት ብርሃን ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ተሠራ። ፎቶ አልተነሣም፤ የግማሽ ቀን ፎቶ በሌላ ብርሃን ከተነሣ የእድፉ ልኬት ሁሉ ይበላሻል።

የካቲት 13

ብራና 7፣ ቅጠል 2 ፊት፣ የታች ኅዳግ። «ዛቲ መጽሐፍ ዘ» ይላል፣ ከዚያ የተፋቀ 41 ሚሊሜትር፣ ከዚያ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ፋቂው ስሙን ፍቆ ውግዘቱን እንዳለ ትቶታል። ምናልባት ለራሱም ይጠብቅልኛል ብሎ ይሆናል።

በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪ ሞክረን ብዙ አልወጣም። አልትራቫዮሌት የሚያስተማምነው ቀለሙ የብረት ከሆነ ነው፤ የብረት ቀለም ተፍቆም ቢሆን ብራናው ውስጥ የሰረገው ቅሪት ጨረሩን ውጦ ይጠቁራል። የአገራችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፣ ላይ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፋቅ አብሮ ይነሣል። ባትሪው በአንድ ቦታ ከ20 ሴኮንድ በላይ አይበራም፣ መነጽርም ግዴታ ነው። የረዳው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው፦ 12 ዲግሪ፣ ከአራት አቅጣጫ አራት ፎቶ። ብርዑ ተጭኖ ያለፈበት ቦይ በሁለቱ ላይ ታየ። በ10 እጥፍ ማጉያ «ወልደ» እስከሚለው ድረስ ይነበባል፤ ቀሪው የለም። በዚያው መስመር የአንድ ፊደል አማካይ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር ስለሆነ 41 ሚሊሜትር 9 ፊደል ገደማ ይይዛል። የተመዘገበው «ወልደ» እና ስድስት ነጥብ በቅንፍ ነው። ግምት ስም አይገባም።

ውኃ ነካ አድርጎ ቀለሙን ማንቃት የሚሉ አሉ። በጭራሽ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የደበዘዘ ጽሑፍ ለማንበብ ልዩ ልዩ ውሕድ ቀብተው ለአንድ ቀን አንብበዋል፣ ከዚያ ገጹ ለዘለዓለም ጠቁሮ ቀርቷል።

የካቲት 14

እስካሁን የተመዘገበው ሁሉ ተጣርቶ 140 መስመር ተሰረዘ። ምክንያቱ የአንባቢ ያልሆነው የአንባቢ ተብሎ መመዝገቡ ነው። በመጽሐፈ ቅዳሴው ኅዳግ ያሉት «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.» እና «ይ.ሕ.» የማስታወሻ ቃላት አይደሉም፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበሉ ሕዝብ ናቸው፣ የመጽሐፉ አካል። በድጓው መስመሮች መካከል ያሉት ጥቃቅን ፊደላትም የዜማ ምልክት ናቸው።

አስቸጋሪው እርማቱ ነው። የተዘለለ ቃል በኅዳግ ሲጻፍ፣ በጽሑፉ ውስጥ ትንሽ የመስቀል መሰል ምልክት ይደረግና በኅዳጉ ይደገማል። ይህን ያደረገው ጸሐፊው ራሱ ነው፣ አራሚ ነው ወይስ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ አንባቢ? ሦስት ነገር ይታያል። የብርዑ ውፍረት፦ የጸሐፊው ወፍራም ጭረት 1.2 ሚሊሜትር ሆኖ የኅዳጉ 0.6 ከሆነ ብርዑ ሌላ ነው። መስመሩ፦ አራሚ ብራናው ላይ በወስፌ የተሰመረውን ተከትሎ ይጽፋል፣ ኋላ የመጣ አንባቢ ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል። ሦስተኛው ይዘቱ ነው። የተዘለለውን የሚሞላ እርማት ነው፤ «አብነት» ብሎ ሌላ ንባብ የሚያቀርብ ግን ሌላ ቅጂ ያየ ወይም ከመምህር የሰማ ሰው ነው። ይህኛው ለእኛ ወርቅ ነው። ብራና 8 ላይ እንዲህ ያሉ 11 ተገኝተዋል፣ ሁሉም በአንድ እጅ፣ ሁሉም ከቅጠል 30 በፊት። ትርጓሜ የጀመረ፣ መንገድ ላይ ያቆመ ሰው።

ብራና 9 ትንሽ የመልእክተ ዮሐንስ መጽሐፍ ናት፣ የንባብ ተማሪ የሚለማመድባት። በኅዳጓ አንድም ቃል የለም። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ አራት ቅጠሎች መስመሮች በታች ቀጭን የተወለወለ ዱካ ይሄዳል፦ ተማሪ በስንደዶ ፊደል እየጠቆመ ሲያነብ የተፈጠረ። ከፊት ለፊት ብርሃን አይታይም፣ ከጎን ብቻ። ከአምስተኛው ቅጠል ጀምሮ ዱካው ይጠፋል። ያኔ ሳይጠቁም ማንበብ ችሎ ነበር፣ ወይም ትምህርቱን ትቷል፤ ብራናው ይህን አይለይም።

የካቲት 18

የታተሙት 31 መጻሕፍት። አብዛኞቹ ከለገሃርና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የተገዙ ናቸው፣ ሆን ተብሎም የተጻፈባቸው ተመርጠው። ሻጭ ንጹሑን ያስወድዳል፣ የተሞነጫጨረውን ያረክሳል። ለዚህ ሥራ በተገላቢጦሽ ነው።

እዚህ አንባቢው ብዕር አግኝቶ አፉን ወደ ወረቀት አምጥቷል። የሚሰመርበት ብዙ ጊዜ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። አንዱ «እውነት ነው» ይላል፣ ከሥሩ ሌላው «ለማን?» ብሎ ይመልሳል። የትኛው ቀደመ? መልሱ ራሱ ቅደም ተከተሉን ከተናገረ ጥሩ፤ ካልተናገረ ጭረት በጭረት ላይ የተሻገረበትን በማጉያ ማየት ይሞከራል፣ ነገር ግን በእስክርቢቶ ቀለም ላይ ያታልላል፤ ጠቆር ያለው ሁሌም ከላይ ይመስላል። በዚህ ብቻ ቅደም ተከተል አይወሰንም።

አስተማማኙ ምስክር የጠራዡ ቢላዋ ነው። እንደገና ሲጠረዝ ጠርዙ ስለሚከረከም የኅዳጉ ጽሑፍ ጫፉ ይቆረጣል። ፊደሉ ተቆርጦ ከተገኘ ከጥረዛው በፊት የተጻፈ ነው፤ ተጨናንቆ በጠርዙ ልክ ከተጻፈ ከጥረዛው በኋላ ነው። በ6 መጻሕፍት ላይ ሁለት የአንባቢ ትውልድ የተለየው በዚህ ነው።

ሲረጥብ ወይን ጠጅ የሚሆን እርሳስ በ4 መጻሕፍት ላይ አለ። ደረቁን ሲያዩት ተራ እርሳስ ይመስላል። እርጥብ እጅ ቢነካው ገጹ ይበከላል፣ አይመለስም። መጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ቢጫ ወረቀት ተደርጎባቸዋል፣ ጠጋኞቹም አስቀድሞ ይነገራቸዋል። የኪራይ ማኅተምና የእርሳስ ዋጋ፣ «ለመታሰቢያ» የሚል የስጦታ ቃል፣ የትምህርት ቤት ማኅተም፣ ሁሉም ገብቷል። የሰዎች ስም በተዘጋ ዓምድ ይቀመጣል፣ ለተመልካች በሚወጣው ቅጂ ላይ አይታይም።

ባዕድ ነገር፦ የደረቀ አበባ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት። መጀመሪያ ባለበት ይነሣል፣ ሁለቱም ገጽ አብሮ፤ ከዚያ አሲድ በሌለው ፖስታ ገብቶ የገጹ ቁጥር ይጻፍበታል። ወደ መጽሐፉ አይመለስም፣ የአበባው ጭማቂ ሁለቱን ገጾች አቃጥሎ ቡናማ ጥላ ጥሏል። ጥላው ግን በመጽሐፉ ላይ ይቀራል፣ ለብቻው ይመዘገባል። ባዶ ናት የተባለች የፓኮ ወረቀት ሁለት ጊዜ መገላበጥ አለባት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ (Gone with the Wind) «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ያወጣውን ትርጉም የጻፈው በ3,000 ገደማ የሲጋራ ወረቀት ላይ ነበር። አንድ አንባቢ ለመጽሐፍ የሰጠው ከዚያ የሚበልጥ መልስ በዚህ ከተማ ለማግኘት ያስቸግራል። የእኛዋ ፓኮ ላይ የተገኘው የስልክ ቁጥር ነው።

የካቲት 20

ሁሉም ወደ ኤክሴል ገባ፣ ፍለጋውም ወዲያው አልሠራም። «ጸሐፊ» ተብሎ ሲፈለግ «ፀሀፊ» አይመጣም። የአንባቢው አጻጻፍ እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ ማረም የእኛ ሥራ አይደለም፣ ስሕተቱም ማን እንደተማረና የት እንደተማረ ሊናገር ይችላል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ ፊደል በፊደል እንደተጻፈው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ኰ ወደ ኮ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ከነዘራቸው። ሁለቱ ነጥብ በባዶ ቦታ ይተካል፣ የግዕዝ ቁጥር በተለየ ዓምድ ወደ 1፣ 2፣ 3 ይመለሳል። መለወጫው «ሃ»ን እና «ሀ»ን ረስቶ ስለነበር ሁለት መቶ ያህል መስመር እንደገና ተሠርቷል።

የካቲት 21

ማጣሪያ። ሁለት መዝጋቢዎች ሳይተያዩ ብራና 4ን፣ 20 ቅጠል መዘገቡ። አንዱ 61፣ ሌላው 54 አገኘ። ሰባቱም ልዩነት በእድፍና በፍቀት ላይ ነው፣ በጽሑፍ ላይ አንድም የለም። ለእድፍ ከዚህ በኋላ የተቀነሰው ልዩነት ከ15 በታች ከሆነ አይመዘገብም። ለፍቀት ደግሞ ከጎን ብርሃን ፎቶ ከሌለ መስመሩ አይከፈትም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ እርጥበቱ 63 ደረሰ። መጻሕፍቱ ተዘግተው ወደ ሣጥን ገቡ። ጠረጴዛው ሲጠረግ ስፖንጁ ላይ 23 ሚሊሜትር ቀይ ክር ተገኘ። ከብራና 3 የወደቀ ነው፤ ጠዋት በነበረው ቆጠራ 9ኙም ነበሩ፣ አሁን 8 ናቸው። የቅጠሉ አድራሻ በየካቲት 6 ፎቶ ስላለ የት እንደነበረ ይታወቃል፦ ቅጠል 64፣ ከላይ 112 ሚሊሜትር። ክሩ ተመልሶ አልተሰፋም። በፖስታ ገብቶ ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ በመዝገቡም ላይ «የወደቀ፣ የካቲት 21፣ በሥራ ላይ» ተብሏል።